ከስድሳ ብር ፈቅ የማይል ገዢ

«ሰዓት ምን ያደርግለታል? ማን ቀጥሮት?»

ይህን ያለው አዳነ ነው፣ የአልጣሽ ባል። የቆዳ ነጋዴ ስለሆነ ድምፁ ገበያ ለምዷል፤ ሹክ ያለ ሲመስለው እንኳ ሦስተኛ ቤት ይሰማል። አያሌው ደግሞ ሦስተኛ ቤት አልነበረም። ከጭቃው ግድግዳ ማዶ፣ በአልጋውና በተቆለለው የበግ ቆዳ መካከል ባለችው ጠባብ ቦታ ቆሞ የኮቱን ቁልፍ ይቆልፍ ነበር። እጁን ከቁልፉ ላይ ሳያነሳ ጠበቀ። የጠበቀው የእህቱን መልስ ነው። አልጣሽ ታናሹ ናት፤ እናታቸው ስትሞት አዝሎ ያሳደጋት፣ ስትዳርም በአባት ቦታ የቆመላት እሱ ነው። አንድ ነገር ብትል፣ «ተወው እንጂ፣ በገዛ ገንዘቡ» እንኳ ብትል ይበቃው ነበር። አልጣሽ ግን ከእንስራው ውሃ እየቀዳች «እንጃለት» አለች፤ ከዚያ ወሬው ወደ በርበሬ ዋጋ ሄደ።

እንጃለት ክፉ ቃል አይደለም፣ ሰው ሁሉ ይለዋል። ማለዳ፣ ከእህት አፍ፣ በግድግዳ በኩል ሲሰማ ግን አንጀት ይበላል። አያሌው የመጨረሻዋን ቁልፍ ቆልፎ፣ ነጠላውን በኮቱ ላይ ደርቦ፣ በጓሮ በኩል ወጣ። በፊት ለፊት ቢወጣ መስማቱን ያውቁበታል፤ ካወቁበት ደግሞ ያፍራሉ፤ እንዲያፍሩ አልፈለገም።

በዚያ ቤት አያሌውን የሚበድለው የለም፤ ችግሩም ይኸው ነው። ቢበድሉት ይጣላቸው ነበር፤ ቢጣላቸው ደግሞ ለዕርቅ ሲሉ ያነጋግሩት ነበር። ሚስቱ ከሞተች ጀምሮ የቆዳውን ክፍል ለቀውለታል፣ ከደመወዙም በየወሩ ለእህል ያዋጣል። ራቱ ሳይጓደል ይመጣለታል። ይመጣለታል ያልኩት አውቄ ነው። ቤተሰቡ ገበታውን ከቦ ሲበላ የእሱ ድርሻ በተለየ ሳህን ክዳን ተደፍቶበት ወደ ክፍሉ ይገባል። ነገሩ የተጀመረው በሐዘኑ ሰሞን፣ ሰው አይየኝ ባለ ጊዜ ነው። ሐዘኑ ቀስ በቀስ ቀለለ፤ ሳህኑ ግን ልማድ ሆነና ቀረ። አንድ ቀን ተነስቶ «እኔም እዚያው ልብላ» ማለት ይችል ነበር፣ ማን ይከለክለዋል? ግን በገዛ እህቱ ቤት ለገበታ ማመልከቻ ማቅረብ ሆኖ ተሰማው። እነሱም ብቻውን መብላት የሚወድ ሰው ነው ብለው አመኑ፤ ለእንግዳ ሳይቀር እንደዚያ ብለው ያስረዳሉ።

ሥራው በአውራጃው ፍርድ ቤት የባለጉዳይ ስም መጥራት ነው። ከችሎቱ በር ላይ ይቆማል፤ ከውስጥ የተነገረውን ስም ተቀብሎ ወደ ግቢው ይለቀዋል። ከስማዳና ከታች ጋይንት በእግራቸው ገስግሰው የመጡ ባላገሮች ከአጥሩ ሥር፣ ከባሕር ዛፉ ጥግ፣ ከተቀመጡበት ሁሉ ጆሯቸውን አቁመው የሚጠብቁት የእሱን ድምፅ ነው። ስማቸውን ሲጠራ ደንግጠው ይነሣሉ፣ ነጠላቸውን ያስተካክላሉ፣ «አቤት!» እያሉ ይሮጣሉ። ከዚያ በኋላ ገበያ ላይ ቢያገኙት አያውቁትም። ያን ቀን ቅዳሜ ስለነበር መሥሪያ ቤቱ የሚሠራው እስከ ስድስት ሰዓት ብቻ ነው። አያሌው የሁለት ወንድማማቾችን ስም ጠራ፤ በአንድ የገብስ ማሳ የተካሰሱ ናቸው፤ ትከሻ ለትከሻ እየተጋፉ ገቡና ከውስጥ ጩኸታቸው ተሰማ። ሰው ሲጣላ እንኳ እንዲህ ይቀራረባል ብሎ አሰበ። ያሰበው በቅናት ነው፣ ያፈረበትም ለዚያ ነው።

ስድስት ሰዓት ሲሆን ወደ ገበያው ወጣ። የመጋቢት ነፋስ አቧራውን ከገብሱ ገለባ ጋር እያነሣ የሰው ዓይን ላይ ይበትናል፤ የከተማዋን ስም፣ ንፋስ መውጫን፣ ያወጣ ሰው በመጋቢት ያወጣው ይመስለኛል። ድንች የሚሸጡ ሴቶች በነፋሱ ጀርባቸውን ሰጥተው ተደርድረዋል፤ በጎቹ እንኳ ፊታቸውን ወደ አንድ ወገን አዙረዋል። አያሌው አንገቱን ቀብሮ፣ እርምጃውን አፍጥኖ በመካከላቸው አለፈ። በሳምንቱ ውስጥ እንዲህ ፈጥኖ የሚሄድበት ሌላ ቦታ የለውም። የሚሄደው ወደ ሀሊማ ሱቅ ነበር፤ ሰዓት ሊመርጥ።

ሰዓቱን መምረጥ የጀመረው መስከረም ላይ ነው። ታሪኩ አጭር ነው፤ በረዶ ጣለ፣ አያሌው ሮጦ ከቅርብ ያገኘው ሱቅ ውስጥ ገባ፣ ምንም ሳይገዛ መቆሙ አሳፈረውና ዓይኑ ባረፈበት ነገር ላይ «ይሄስ ስንት ነው?» አለ። ዓይኑ ያረፈው በመደርደሪያው ጫፍ በተቀመጠ የሻይ ብርጭቆ ላይ ነበር። በብርጭቆው ውስጥ ውሃ፣ በውሃው ውስጥ ሰዓት። ሰዓቱ ይሠራል። የሀሊማ ባል፣ ሟቹ ጁሃር፣ ምጽዋ ወርዶ ከአንድ የባሕር ኃይል ጠላቂ የገዛው የስዊስ ሥራ ነው፤ ፊቱ ጥቁር፣ ቁጥሮቹ በጨለማ አረንጓዴ የሚያበሩ፣ መስታወቱ ወፍራም፣ ዙሪያውን ቀጭ ቀጭ እያለ የሚዞር የብረት ቀለበት ያለው፣ ሲያነሱት እጅ የሚሞላ። ጁሃር ውሃ ውስጥ የጨመረው ገበያተኛ እንዲያይለት ነው። እሱ ከሞተ በኋላም ሀሊማ አላወጣችውም፤ በየማለዳው አንሥታ ትሞላዋለች፣ ውሃውን ትለውጥና መልሳ ትከተዋለች። ባላገሩ ሁሉ እያቆመ ያየዋል። ከአርብ ገበያ የመጡ አንድ ሽማግሌ ረጅም ጊዜ አጎንብሰው ካዩት በኋላ «ምን ይበላል?» ብለው ጠይቀዋታል።

ሀሊማ ያን ጊዜ «መቶ ሃያ ብር» አለችው። አያሌው የወር ደመወዙ ከዚያ ሲሦ አይሞላም። ግን በረዶው ገና አላባራም፣ ዝም ቢል መውጣት አለበት፣ ስለዚህ ደፈር ብሎ «ስድሳ» አለ። ሀሊማ ሳቀች። የንቀት ሳቅ አልነበረም፤ ከልብ የሆነ፣ ሳይታሰብ ያመለጠ ሳቅ ነው። «ይቀመጡ እስኪ፣ በረዶው እስኪያባራ እንኳ ሌላ ዋጋ ያስቡ ይሆናል» ብላ በርጩማ አቀረበችለት፣ ሻይም ቀዳችለት። በሚቀጥለው ቅዳሜ በረዶ አልነበረም፤ እሱ ግን ሄደ።

ምርጫው እንዲያው ለይምሰል አልተካሄደም፤ አያሌው ሰዓት ኖሮት የማያውቅ ሰው የሚመርጠውን ያህል መረጠ። የሀሊማ የመስታወት ሣጥን ውስጥ ሌሎች ሁለት ሰዓቶች ነበሩ። አንዱ ወርቅ የተቀባ፣ ስስ፣ ሃያ አምስት ብር ነው፤ ነገር ግን ብርድ አይችልም፣ የንፋስ መውጫ ማለዳ ሲነካው ይቆማል። ሁለተኛው አርባ አምስት ብር፣ ጠንካራ፣ በትንሽ መስኮት ቀን የሚያሳይ ነው። ይህን ሦስት ቅዳሜ ሙሉ ተነጋገሩበት። በመጨረሻ አያሌው ቀኑ የፈረንጅ መሆኑን አስተውሎ «ጳጉሜን የማታውቅ ሰዓት እኔ አላስርም፤ ዓመት በመጣ ቁጥር ልታጣላኝ ነው» አለ። ልብ ያለው ሰው ያንን ገዝቶ ጉዳዩን በጨረሰ ነበር፤ ሀሊማም ነግራዋለች። እሱ ግን ወደ ብርጭቆው ይመለሳል። ባሕር በሌለበት፣ ወንዙም ከገደል ሥር በሆነበት አገር የጠላቂ ሰዓት ቅብጠት ነው፤ ያውቃል። ቅብጠትነቱ ራሱ ብዙ የሚያወራ ነገር ነበረው። ቀለበቱ ለምን እንደሚዞር ለመረዳት ብቻ ጥቅምት አለቀ። ጁሃር ለሀሊማ እንደነገራት፣ ጠላቂው አየር የታመቀበት ብረት በጀርባው ተሸክሞ ይወርዳል፤ ከመውረዱ በፊት ቀለበቱን ያዞረዋል፤ ከታች ሆኖ አየሩ ምን ያህል ጊዜ እንደሚያቆየው ከዚያ ላይ ያነብባል። «ታዲያ ከሥር ማንን ያነጋግራል?» አለ አያሌው። «ማንንም» አለች ሀሊማ። ሻዩንም ጨመረችለት።

ስድሳ ብር ማለቱን ግን አልተወም። በየቅዳሜው ሊሄድ ሲነሣ «እና ስንት ትሰጣለህ?» ትለዋለች፤ «ስድሳ» ይላል፤ ትስቃለች፤ «መቶ ሃያ» ትላለች፤ ይሄዳል። ስድሳ የሚለው ስለሌለው አይደለም። በኮቱ የውስጥ ኪስ፣ በመሐረብ የተቋጠረ ዘጠና ብር ነበረው። ሰባ ቢል ግን መቶ ልትለው ትችላለች፣ ሰማንያ ቢል ዘጠና፤ ከዚያ ሽያጭ ይሆናል። ሽያጭ ከሆነ በሚቀጥለው ቅዳሜ ምን ሊል ይመጣል? ገዢ ካልሆነ እዚያ በርጩማ ላይ የሚቀመጠው ማን ሆኖ ነው? እሱ ክርስቲያን ወንድ፣ እሷ ሙስሊም ሴት፣ እሱ ሚስት የሞተችበት፣ እሷ ባል የሞተባት። ከተማው ለሻጭና ለገዢ ዓይኑን ይጨፍናል፤ ለሌላ ነገር ግን ዓይኑ አይጨፈንም። እኔ ደግሞ እዚህ ላይ ፍቅር ነበር ብዬ አልምልም። ሰው «እንዴት ሰነበትክ» ብሎ መልሱን እስኪሰማ የሚጠብቅበት ቦታ ነበረው፤ ያንን ማጣት አልፈለገም። መስከረም ላይ እርስዎ ይባባሉ ነበር። ኅዳር ውስጥ፣ ሁለቱም ልብ ሳይሉት፣ አንተና አንቺ ሆነ። አያሌው ይህን ያስተዋለው ወደ ቤት ሲመለስ መንገድ ላይ ነው፤ ቆሞ ብቻውን ፈገግ አለ፣ ያየው ሰው ካለ ሰክሯል ብሎ ይሆናል።

የዚያን ቅዳሜ ከሱቁ ደጃፍ ሁለት በቅሎዎች ታስረው አገኘ። ውስጡ ጨለም ብሏል፣ መደርደሪያው ግማሹ ባዶ ነው። አቡጀዲው ወርዷል፣ ኩራዞቹ በሣር ተጠቅልለው ተከምረዋል፣ የስኳሩ ጆንያ አፉ ተሰፍቷል። በርጩማው ላይ የታሠረ ጓዝ ተቀምጦበታል። አንድ ጢሙ የሸበተ ሰው፣ ቆብ ያደረገ፣ ገመድ እያጠበቀ ነበር። ሀሊማ ከኋላ ብቅ አለች።

«እንደምን ዋሉ?» አለችው።

አያሌው ዞር ብሎ ከኋላው አየ። ሌላ ሰው ተከትሎት የገባ መስሎት ነው። ማንም አልነበረም። ያን ጊዜ ገባው፤ ወደ እርስዎ ተመልሰዋል።

«እንደምን ዋልሽ… ዋሉ» አለ።

«ወንድሜ በሽር ነው፤ ከወልድያ ትናንት ገባ» አለች፣ ዓይኗን ከጆንያው ላይ ሳታነሣ። በሽር ገመዱን ለቆ፣ እጁን በልብሱ ጠርጎ፣ ደግ ሰላምታ ሰጠው። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ክፉ ቢሆን ኖሮ ለአያሌው በቀለለው። «እርስዎ ነዎት የሰዓቱ ገዢ? ስምዎን ሰምቻለሁ። እህቴን ስላጫወቱልኝ አላህ ይስጥልኝ» አለ። ስላጫወቱልኝ ያለው ያለ ሽሙጥ ነው፤ ሆኖም አያሌው ጆሮው ድረስ ጋለ።

የሚቀመጥበት ስለሌለ ቆመ። ሻይ አልተቀዳም፤ ምድጃው ጠፍቷል። ሀሊማ ሄዳ ከብርጭቆው አጠገብ ቆመች። ሁሉ ነገር ተገለባብጦ ብርጭቆው ብቻ በቦታው ነበር፤ ውሃው ዛሬም ተለውጧል፣ ጥርት ያለ ነው። «እና፣ ስንት ይሰጣሉ?» አለችው። ዋጋውን ከእሱ ይልቅ ታውቀዋለች። አያሌው እንደ ሌላው ቅዳሜ እንዲሆንለት ስለፈለገ፣ ሌላ የሚለውም ስለሌለው፣ የለመደውን አለ።

«ስድሳ።»

ሳቋን ጠበቀ። በወንድሟ ፊት ባትስቅ እንኳ መቶ ሃያ ትላለች ብሎ ጠበቀ።

«ይሁን» አለች ሀሊማ። «ይውሰዱት።»

ሻጭ ይሁን ካለ ነገሩ ያበቃል። ያልኩት ለጨዋታ ነው፣ ልመለስ፣ ላስብበት የለም፤ ከዚያ ወዲያ የሚያፈገፍግ ሰው ስሙ በገበያው ይዞርና ክብሪት የሚሸጥለት ያጣል። አያሌው ይህን ከማንም በላይ ያውቃል፤ ስንቱን ሰው በዚህ ጉዳይ ስሙን እየጠራ ችሎት አስገብቷል። እጁን ወደ ኪሱ አልሰደደም።

«ምኑ ይሁን?» አለ።

«ያሉት። ስድሳ ብር።»

«አይ፣ ይሄማ አነሰ» አለ አያሌው። ከአፉ ከወጣ በኋላ ነው ምን እንዳለ የገባው፤ ከወጣ ወዲያ ግን ጭራሽ አፈጠነው። «ዕቃው ስዊስ ነው። የባሕር ነው። በስድሳማ ግፍ ነው። ሰባ ይሁን።»

«ስድሳ ተብሏል።»

«ሰማንያ።»

«ስድሳ፣ አቶ አያሌው።»

«ዘጠና!» አለና መሐረቡን አውጥቶ ከመደርደሪያው ላይ ጣለው። በሽር ገመዱን ይዞ ቀርቷል፤ አንዴ እህቱን አንዴ እንግዳውን ያያል። «የአላህ ያለህ!» አለና ሳቀ። «ንግድ ላይ ሸብቼ ገዢ ሲጨምር ሻጭ ስትቀንስ ዛሬ ገና አየሁ። እናንተ ሰዎች፣ በዚህ ከተማ እንዲህ ነው እንዴ የምትገበያዩት?»

አያሌው አልሳቀም። «እንዲህ ከሆነ ላስብበትና ቅዳሜ ልምጣ» አለ። ድምፁ የፍርድ ቤቱ ግቢ ሙሉ የሚሰማው ድምፅ አልነበረም።

«ቅዳሜ የለም» አለ በሽር። «ሰኞ ማለዳ ተጭነን ወደ ወልድያ ነን። ሱቁን ለጨርቅ ነጋዴ ሰጥተነዋል። ሁለት ዓመት ሙሉ ሴት ብቻዋን ከነፋስና ከበግ ጋር ኖረች፤ ይበቃታል፣ ቤተሰብ አላት። ሰው ደግሞ ያወራል።» የመጨረሻውን ሲናገር አያሌውን አላየውም፤ ጨዋ ስለሆነ ወደ ጓዙ እያየ ነው የተናገረው። ከዚያ በቁጭት ራሱን ነቀነቀ። «ይህችን ሴት ነግጂ ብሎ አላህ አልፈጠራትም እኮ። ጥር ላይ የፖሊሱ መቶ አለቃ መቶ ሃያ ብር ቆጥሮ ሲያቀርብላት፣ ተሽጧል ብላ መልሳዋለች። ጎረቤት ነው የነገረኝ። ለማን ሸጠችው? ሰዓቱ ይኸው፣ ከነብርጭቆው!»

ሀሊማ ሻሿን ወደ ፊት ሳብ አደረገች። አያሌው በጥር ውስጥ የነበሩትን ቅዳሜዎች ማስታወስ ሞከረ፤ በየትኛው ነበር መቶ አለቃውን መልሳ፣ በማግስቱ ለእሱ «መቶ ሃያ» ብላ የሳቀችው? ደስታና ሐዘን በአንድ ጊዜ መጡበትና የትኛውን ፊቱ ላይ እንደሚያሳይ ጠፋው።

ከውጭ አንደኛዋ በቅሎ ጭነቷን አጋድላ ኖሮ ሰው ጮኸ። በሽር እየተራገመ ወጣ። ሱቁ ውስጥ ሁለቱ ብቻ ቀሩ።

ሀሊማ ሰዓቱን ከውሃው አወጣች። በነጠላዋ ጫፍ መስታወቱን፣ ጀርባውን፣ የጎማውን ማሠሪያ አንድ በአንድ አደረቀች። «እጅህን አምጣ» አለችው። ስድስት ወር ሙሉ ገንዘብና ሻይ በመደርደሪያው ላይ እየተገፋ ነበር የሚያልፈው፤ እጁን ነክታው አታውቅም። እጅጌውን ሰብስቦ ዘረጋላት። ማሠሪያው ሰፍቶት የመጨረሻው ቀዳዳ ላይ አሠረችው፤ ጣቶቿ ከውሃው ገና መውጣታቸው ስለሆነ ቀዝቃዛ ነበሩ።

«በየቅዳሜው፣ ዛሬ ሰባ ይለኝ ይሆን እያልኩ እፈራ ነበር» አለች።

«ሰባ ነበረኝ» አለ አያሌው። «ዘጠናም ነበረኝ።»

«አውቃለሁ። መሐረቡ ከኮትህ ላይ ይታይ ነበር።»

መሐረቡን ፈትታ ስድሳ ብር ቆጠረች፣ ሠላሳውን መልሳ ቋጠረችና ወደ እሱ ገፋችው። ሌላ የምትለው ያላት ይመስል ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፤ እሱም የሚለው ነበረው፤ ግን በሽር ሳሩን እያራገፈ ገባ። «ይባርክልዎ» አለች ሀሊማ ጮክ ብላ፣ ለማንኛውም ገዢ እንደሚባለው። «አሜን። በሰላም ግቡ» አለ አያሌው፣ ለማንኛውም ተጓዥ እንደሚባለው። ወጣ።

በቀጥታ ወደ ቤት አልሄደም። ወደ በጉ ተራ ወረደ፣ ወደ እህል ተራ ወጣ፣ ያልፈለገውን ባቄላ ዋጋ ጠየቀ። ባቄላ ሻጯ «አንድ ብር» አለችው፤ እንድትጨዋወተው ፈልጎ «ግማሽ» አላት፤ «ሂድልኝ፣ ገበያ አትዝጋብኝ» አለችው። ሰዓቱ ከእጁ ላይ ከበደው። ያን ያህል የሚያምር ነገር በሕይወቱ ኖሮት አያውቅም። በየጥቂት እርምጃው ያየዋል፤ ለማየት ብቻ ሳይሆን ሀሊማ የነካችውን ቦታ ስለሸፈነለት ነው። ልመለስ ብሎ ሁለት ጊዜ ወደ ሱቁ አቅጣጫ ዞሯል። ግን ምን ብሎ? የገዛ ሰው ተመልሶ ሱቅ የሚሄደው ዕቃው ሲበላሽ ነው፤ ይህ ደግሞ አይበላሽም። ገበያተኛው ተበተነ፣ አቧራው ብቻ ቀረ፣ ብርዱ ገባ።

ቤት ሲደርስ እነ አዳነ ራት ቀርበው ነበር። አያሌው እንደ ልማዱ በጓዳ በኩል ሊያልፍ ሲል፣ በእጁ ላይ የነበረው ነገር በኩራዙ ብርሃን ብልጭ አለ። «ቆይ! ቆይ እስኪ!» አለ አዳነ። «ገዛኸው እንዴ? ና ወዲህ፣ ና ቁጭ በል እንየው!» አልጣሽ ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀችለት። አያሌው ከገበታው ዙሪያ ተቀመጠ። የጾም ሽሮ ነው፣ ከላዩ ቃሪያ አለበት፤ ትኩስ ነበር። ትኩስ ሽሮ ምን እንደሚመስል ረስቶት ነበር ብል አላጋንንም፤ ክዳን ተደፍቶበት ሲመጣ ይበርዳል።

አዳነ የአያሌውን ክንድ እንደ በግ ብልት ይዞ ወደ ብርሃኑ አቀረበው። ቀለበቱን ቀጭ ቀጭ አድርጎ አዞረ። ውሃ አያስገባም መባሉን ሰምቶ ስለነበር የእጅ መታጠቢያውን ሳህን ስቦ፣ እጁን ከነሰዓቱ ውሃው ውስጥ ደፈቀለት፤ ጆሮውንም ዝቅ አድርጎ አዳመጠና «ይሠራል እኮ!» አለ። አልጣሽም ሳቀች። ቤቱ ሞቅ አለ። አያሌው ይህን ሲመኝ ዓመታት አልፈዋል፤ አሁን መጣለት። ያገኘው ገበታ በምን እንደተለወጠ እሱ ብቻ ነው የሚያውቀው።

«እኔ የዕቃ ሰው ነኝ፣ ይሄ ከመቶ አይወርድም» አለ አዳነ። «ስንት ወጣህበት? እውነቱን።»

አያሌው ጥቂት አሰበ። ስድሳ ቢል «አታለልካት! ጀግና!» ብሎ አዳነ ጀርባውን ሊመታው ነው፤ በሳምንት ውስጥም ከተማው ሁሉ መበለቷን እንዴት እንደበላት ያወራል። መቶ ሃያ ቢል ውሸት ነው፣ ሞኝም ይባላል።

«ግማሹን ገዛሁት» አለ። «ግማሹን ሰው ሰጠኝ።»

አዳነ ጉርሻውን እንደያዘ ሳቀ። ክፋት አልነበረበትም፤ እውነት ገርሞት ነው የጠየቀው።

«ሰው? አንተ ደግሞ ምን ሰው አለህ?»

አልጣሽ የቆረሰችውን እንጀራ ወደ አፏ ሳታደርስ እጇ ቆመ። ወንድሟን አየችው፤ ፊቱን በደንብ ካየችው ብዙ ጊዜ ሆኗታል።

«ነበረኝ» አለ አያሌው።